በኮላ ወይስ ያለ ኮላ፦ ልጆችን በአሸዋ መሣል ስለ ማስተማር

እኔ በምኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ተሰባስበው አንዱ ሒሳቡን፣ ሌላው ሳይንሱን፣ ሌላው ሙዚቃውን እየተካፈሉ የሚያስተምሩባቸው ኅብረቶች አሉ፤ በተለምዶ ኮ-ኦፕ ይሏቸዋል። ልጆቼ በሚማሩበት ኮ-ኦፕ ውስጥ ለእኔ የደረሰኝ የሥዕል ክፍል ነው። የምንሰበሰበው አንድ ቤተ ክርስቲያን በፈቀደልን ምድር ቤት ሲሆን፣ ተማሪዎቼ ከስምንት እስከ ዐሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው፤ ገሚሶቹ የሐበሻ ልጆች፣ የቀሩት ደግሞ ከየአገሩ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች። የቨርጂኒያ ሕግ ወላጅ ልጁን ቤት ለማስተማር ማሰቡን እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለአካባቢው የትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ እንዲያሳውቅ፣ በዓመቱም እስከ ኦገስት 1 ድረስ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያቀርብ ያዛል። ብዙ ቤተሰብ የሚያቀርበው የቋንቋና የሒሳብ ፈተና ውጤት ስለሆነ ሥዕልን የሚጠይቅ የለም። አንዳንዱ ይህን እንደ ንቀት ያየዋል፤ እኔ ግን ማንም የማይቆጣጠረው የትምህርት ክፍል አንድን ነገር ከሥሩ ለማየት የሚመች ጊዜ ይሰጣል ባይ ነኝ። ያንን ጊዜ አሸዋ ላይ ለማዋል ወሰንኩ።

ለዚህ ዕድሜ ተብሎ የሚሸጥ የእጅ ሥራ ዕቃ ሞልቷል። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ ፊቱ ሙጫ የተቀባ ካርቶን፣ በላዩ ላይ ልጁ ቁራጭ በቁራጭ የሚልጠው ወረቀት፣ በየትንንሹ ከረጢት የተሞላ ቀለማም አሸዋ። ልጁ ቁጥር አንድን ይልጥና ቀዩን ያፈሳል፣ ቁጥር ሁለትን ይልጥና ቢጫውን ያፈሳል፣ ከዚያ ያራግፈዋል፣ አለቀ። ሲያልቅ ያምራል፤ ሁሉም ልጅ የሠራው ግን አንድ ዓይነት ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ልጁ ከአሸዋው ጋር የሚገናኝበት ቦታ የለም። መስመሩን ያሠመረው ፋብሪካው ነው፤ አሸዋውን የሚይዘው ሙጫው ነው፤ የልጁ እጅ ማፍሰስ ብቻ ነው የቀረው። በነጭ ኮላ ወረቀት ላይ ሥዕል ነድፎ አሸዋ የሚነሰንስ ልጅ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ንድፉ የራሱ ነው። ያም ቢሆን ሥዕሉን የሚሥለው ኮላው እንጂ አሸዋው አይደለም። ኮላው በሄደበት አሸዋው ይከተላል፣ ትርፉ ይራገፋል፣ እጅ ቢንቀጠቀጥም ባይንቀጠቀጥም ለውጥ የለውም። የኮ-ኦፑን ክፍል የመራሁት በዚህ አንድ ሐሳብ ነው፦ መጀመሪያ ያለ ኮላ።

የእነዚያ ማሸጊያዎች ሁለተኛ ችግር ሥዕሉ ራሱ ነው። ካርቶኑ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው የናቫሆ ሕዝብ የአሸዋ ሥዕል የሚመስል ነገር ነው፦ ዘንዘል ያለ የሰው ቅርጽ፣ የበቆሎ አገዳ፣ ፊት ያላት ፀሐይ። ናቫሆዎች፣ ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም ዲኔዎች፣ በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ግዛቶች ውስጥ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። በእነሱ ዘንድ የአሸዋ ሥዕል ጌጥ ሳይሆን የፈውስ ሥርዓት አካል ነው። ዜማውንና ጸሎቱን ለዓመታት ያጠና ሰው ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ፣ ሆጋን በሚባለው ቤት ወለል ላይ፣ አስቀድሞ በተደላደለ አሸዋ ላይ ይሠራዋል። ሕመምተኛው ሥዕሉ ላይ ይቀመጣል፣ ከአሸዋውም ወደ ሰውነቱ ይደረግለታል፤ ሥርዓቱ ሲፈጸም ሥዕሉ ይፈርሳል፣ አሸዋውም ተጠርጎ ይወጣል። ነጭ ለምሥራቅ፣ ሰማያዊ ለደቡብ፣ ቢጫ ለምዕራብ፣ ጥቁር ለሰሜን ነው፤ በእነዚህም አራት አቅጣጫዎች አገራቸውን የሚከብቡ አራት የተቀደሱ ተራሮች አሉ። እንግዲህ ይህ ነው ከስምንት ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው።

ሻጮቹ እንዲህ ብለው ይከራከሩ ይሆናል፦ ናቫሆዎች ራሳቸው በኮላ ጣውላ ላይ የተለጠፈ የአሸዋ ሥዕል ለቱሪስት ይሸጡ የለምን? አዎን፣ ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ብዙ የናቫሆ ሠዓሊዎች የሚተዳደሩበት ሥራ ነው። ነገር ግን ለገበያ የሚሠሩትን ሆን ብለው ይለውጡታል፤ አንድ ቀለም ይቀይራሉ፣ አንድ ነገር ያጎድላሉ፣ የሥርዓቱ ሥዕል ሆኖ እንዳይቆም። የትኛው እንደሚለወጥና የትኛው እንደማይነካ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። እነሱም ቢሆኑ እዚህ የደረሱት ያለ ክርክር አይደለም። ሆስቲን ክላህ የሚባል ታላቅ የሥርዓት አዋቂና ሸማኔ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጨረሻ የአሸዋ ሥዕሎቹን በምንጣፍ ላይ መሸመን ሲጀምር የገዛ ወገኖቹ ተቆጥተው ነበር፤ የሚፈርሰውን ነገር እንዲኖር ማድረጉ አስፈርቷቸው ነበርና። እሱ ግን የሚያውቀው ሁሉ ከእሱ ጋር እንዳይቀበር አስቦ ቀጠለበት። ሜሪ ካቦት ዊልራይት ከምትባል ባለጠጋ ሴት ጋር በሳንታ ፌ ከተማ ላቋቋመው ሙዚየም ብዙ ነገር ሰጠ፤ ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1937 ሲከፈት ግን እሱ በዚያው ዓመት ቀድሞ ዐርፎ ነበር። ያው ሙዚየም በ1977 በእጁ የነበሩትን የሥርዓት ንዋያት ለናቫሆዎች መልሷል።

ይህን ታሪክ ለልጆቹ በአጭሩ ስነግራቸው ጥያቄ ይበዛል ብዬ የጠበቅሁት ከሐበሻ ልጆቹ በኩል አልነበረም። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጇን አውጥታ፦ «ቲቸር፣ እንደ ታቦት ማለት ነው?» አለችኝ። ሌሎቹ ታቦት ምን እንደሆነ ስላላወቁ እሷው እንድታስረዳቸው ጠየቅኋት። ታቦት በቤተ መቅደስ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ሲወጣም ተሸፍኖ ቄሱ በራሱ ላይ እንደሚሸከመው፣ ሕዝቡ እልል እያለ እንደሚከተለው፣ ጽላቱን ግን ከካህናት በቀር ማንም እንደማያየው ነገረቻቸው። «አንቺስ በሸክላ ሠርተሽው ታውቂያለሽ?» ብሎ አንዱ ሲጠይቃት የሳቀችው ሳቅ ከእኔ ማብራሪያ ሁሉ በላይ ሠራ። እኔም ከመቅደላ እ.ኤ.አ. በ1868 ከተዘረፉት ውስጥ ዐሥራ አንድ ታቦታት ለንደን በብሪትሽ ሙዚየም እንዳሉና ሙዚየሙ ራሱ ለእይታ እንደማያወጣቸው ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ የናቫሆን ቅርጾች ለምን እንደማንገለብጥ የጠየቀኝ ልጅ የለም። ወላጆች ጠይቀውኛል፤ ልጆች ግን አልጠየቁም።

አለመገልበጥ ማለት አለመማር አይደለም። ከናቫሆ ሠዓሊዎች አሠራር ወስጄ በክፍሌ የማስተምራቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው ወለል ላይ መሥራት ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚሥል ልጅ ለሥዕሉ አንድ የላይ፣ አንድ የታች ጎን አለው፤ ወለል ላይ የተዘረጋ ትሪን ግን ከአራቱም በኩል እየዞሩ ነው የሚሠሩት። ጃክሰን ፖሎክ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ ሸራውን ወለል ላይ አንጥፎ መሥራቱን ሲያስረዳ ከምዕራብ አሜሪካ የአሸዋ ሠዓሊዎች አሠራር ጋር ያመሳሰለው ለዚህ ነበር፤ በ1941 ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ናቫሆዎች ሲሠሩ ታይተዋል። ሁለተኛው ከመካከል ጀምሮ ወደ ውጭ መሥራት ነው፤ አለዚያ ልጁ ገና ባላለቀው ጠርዝ ላይ ክንዱን ያሳርፋል። ሦስተኛው፣ ከሁሉ የምወደው፣ የተሳሳተን መስመር የሚያርሙበት መንገድ ነው፦ አይጠርጉትም፣ ከሥር ያለውን የመደቡን አሸዋ በላዩ ነስንሰው ይሸፍኑታል። ላጲስ የለመደ ልጅ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ አያምንም። ሞክሮ ሲያየው ግን የሚጠርግ ጣት ከአንድ ስሕተት ሦስት እንደሚሠራ ራሱ ይደርስበታል።

አራተኛው ቀለም ነው። ናቫሆዎች ሰማያዊውን የሚያገኙት ከሰማያዊ ድንጋይ ሳይሆን ከሰልን ጂፕሰም ከሚባል ነጭ ማዕድን ጋር በማደባለቅ ነው። ይህን በክፍል ለማሳየት ለቡና የገዛሁትን ከሰል በሙቀጫ ወቀጥኩና ከነጭ አሸዋ ጋር አቀላቀልኩት። በትሪው ላይ ብቻውን ሲፈስ ግራጫ ነው፤ ልጆቹም «ግራጫ» አሉ። ከዚያ በግራና በቀኙ ብርቱካናማና ቢጫ አሸዋ በጠባቡ አፈሰስኩለት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ አንዱ ልጅ የተንኮል ሥራ መሰለውና ሌላ አሸዋ ጨመርሽበት አለኝ። አልጨመርኩም። ዓይን አንድን ቀለም ብቻውን አያየውም፤ ከጎኑ ያለው ሞቅ ያለ ቀለም ግራጫውን ወደ ሰማያዊነት ይገፋዋል። ልጆቹ ቢጫውን በጣታቸው እየሸፈኑና እየገለጡ ሰማያዊው ሲጠፋና ሲመለስ እያዩ የቀረውን ሰዓት ጨረሱት፤ ያቀድኩት ሌላ ትምህርት ነበር፣ ተውኩት።

ስለ አሸዋው ዝግጅት ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው እሱን ነው። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገዛው የልጆች መጫወቻ አሸዋ ርካሽ ነው፤ ከነአቧራው ግን ለክፍል አይሆንም። አሸዋ በአብዛኛው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ነው፤ በዓይን የማይታየው የኳርትዝ ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ ጉዳት አለው። ስለዚህ ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግሜ አጥበዋለሁ፣ በሰፊ ትሪ አድርጌ በኦቭን አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ በሁለት ዓይነት ወንፊት እለየዋለሁ። ለማቅለም የምግብ ቀለም በጥቂት የፋርማሲ አልኮል አቅጥኜ መስኮት ከፍቼ አሸዋውን አሽበታለሁ፤ አልኮሉ ቶሎ ስለሚተን አሸዋው በማግሥቱ ይደርሳል። የተዘጋጀ ቀለም የምገዛ ከሆነ ኤ ኤስ ቲ ኤም ዲ-4236 የሚል ጽሑፍ (የሥዕል ዕቃ በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ተመርምሮ በማሸጊያው ላይ እንዲገለጽ የሚያዝ የአሜሪካ መለኪያ) ካላየሁበት ወደ ልጆች አላቀርበውም። ክፍሉንም ከትምህርት በኋላ በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በደረቅ መጥረጊያ አናጸዳም።

መለየቱ ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ የሥነ ምድር ባለሙያዎች አሸዋ የሚሉት ከ0.0625 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያለውን ቅንጣት ሁሉ ነው፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት ሠላሳ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ደቃቁ ቀጭን መስመር ይሰጣል፣ ሻካራው አይታዘዝም። ሁለቱ ተደባልቀው ትሪው ሲነቀነቅ ደግሞ እናቶቻችን እህል በሰፌድ ሲያንገዋልሉ ትልቁና ትንሹ ለየብቻው እንደሚሰበሰብ፣ ሻካራው ወደ ላይ ይወጣና የልጁን ሥዕል ያበላሽበታል። ደረቅ አሸዋ ሲቆለልም የራሱ ሕግ አለው፦ ጎኑ ከ34 ዲግሪ አካባቢ በላይ አይቆምም፤ ከዚያ በላይ የጨመሩት ይንሸራተታል። ፕሮትራክተር ይዘው የቁልሉን ጎን የለኩ ልጆች ትንሹም ትልቁም ቁልል አንድ ዓይነት ማዕዘን እንዳለው ሲያገኙ የሒሳብ አስተማሪያችን ሳትቀር መጥታ አየች።

መሥመሩ የሚሠራው አሸዋን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥሮ ቀስ እያሉ በመልቀቅ ነው። እጁ ወደ ወለሉ በጣም ከቀረበ መሥመሩ ይወፍራል፣ ከራቀ ይበተናል፤ ትክክለኛው ከፍታ የእያንዳንዱ ልጅ ነው፣ በቃል አይነገርም። የአሸዋ ሥዕል የሚሠሩት የቲቤት ቡድሂስት መነኮሳት ግን በጣት አይሠሩም፤ ጫፉ የጠበበ ረጅም የብረት ቱቦ አላቸው፣ ጎኑ እንደ ሞረድ የተጠረበ ሲሆን በሌላ ብረት ሲፈገፍጉት በንዝረቱ አሸዋው ቅንጣት በቅንጣት ይወርዳል። ይህን ጥበባቸውን በምዕራቡ ዓለም ለሕዝብ ያሳዩት በ1988 ኒው ዮርክ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነበር። እኛ ከወፍራም ወረቀት ቀጭን ቱቦ ጠቅልለን በእርሳስ እየመታን ሞክረነዋል፤ ይሠራል፣ ይጮኻልም።

መነኮሳቱ ለቀናት ደክመው የጨረሱትን ክብ ሥዕል ጠርገው ወደ ወራጅ ውኃ እንደሚጨምሩት ሲሰሙ ልጆች ሁሉ ይደነግጣሉ። እኔ ስለ መፍረሱ ሰብኬ አላውቅም፤ የሌላውን ሃይማኖት ትምህርት በሥዕል ክፍል ስም ማስተማር የእኔ ድርሻ አይደለም። የምነግራቸው በ2007 በካንሳስ ሲቲ ባቡር ጣቢያ የሆነውን ነው፦ መነኮሳቱ የቀኑን ሥራ ጨርሰው ከሄዱ በኋላ አንድ ድክ ድክ የሚል ሕፃን በገመዱ ሥር ሾልኮ ገብቶ ገና ያላለቀውን ሥዕል በእግሩ ጨፈረበት። መነኮሳቱ ሲመለሱ ሳይቆጡ ተቀምጠው መጠገን ጀመሩ። በእኛም ክፍል የትሪ ጠርዝ ረግጦ የሌላውን ሥራ የሚያፈርስ ልጅ አይጠፋም፤ ያን ጊዜ «ካንሳስ ሲቲ!» ብለው ይጮኹና የመደቡን አሸዋ ያቀርቡለታል።

ከወላጆች ጋር ያለው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። አንዲት እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ ትሪው ሲገለበጥ ስታይ፦ «እህቴ፣ ጠዋቱን ሙሉ ሠርተው የሚደፉት ከሆነ ምኑን ነው የተማሩት?» ብላኛለች። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤት የሚያስተምር ወላጅ ለራሱም ለዘመዱም የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል፤ በተለይ እኛ ሐበሾች «ልጆቹን ትምህርት ቤት ለምን አትልክያቸውም?» የሚል ዘመድ በየቤታችን አለን። እሷን የመለሰልኝ የእኔ ንግግር ሳይሆን አንድሩ ክሌመንስ ነው።

ክሌመንስ በ1857 አይዋ ግዛት ውስጥ ተወልዶ ማክግሬገር በምትባል የሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ከተማ የኖረ ሰው ነው። በአምስት ዓመቱ በሕመም ምክንያት መስማት ተሳነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኙ ገደሎች የብረት ኦክሳይድ ያቀለመው የአሸዋ ድንጋይ አለ፤ ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ቡናማውን፣ ነጩን እየለቀመ፣ እየፈጨ፣ እየለየ ጠርሙስ ውስጥ በቀጭን እንጨት ቅንጣቱን እያስተካከለ ሥዕል ይሠራበት ነበር፦ ባንዲራ፣ የወንዝ መርከብ፣ አበባ፣ በፈረስ ላይ ያለ ጆርጅ ዋሽንግተን። ብዙዎቹን ጠርሙሶች የሠራው ዘቅዝቆ ነው፤ ማለትም ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች ገልብጦ ከጨረሰ በኋላ አፉን ደፍኖ ያቆመዋል። ኮላ የሚባል ነገር አልተጠቀመም። አሸዋውን በቦታው ያቆየው ሙሉ በሙሉ ተጠቅጥቆ መሞላቱ ብቻ ነው፤ በውስጡ ክፍተት ስለሌለ ቅንጣቱ የሚሄድበት የለውም። በዘመኑ በጥቂት ዶላር ይሸጣቸው ነበር፤ በ1894 ዐርፎ፣ በ2021 አንዱ ጠርሙሱ ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ በጨረታ ተሸጧል።

ስለዚህ ትሪ ላይ ያለ ኮላ የሚሠራውን ከጨረስን በኋላ ወደ ብርጭቆ ማሰሮ እንሸጋገራለን። እያንዳንዱ ልጅ አፉ ሰፊ የሆነ ትንሽ ማሰሮ ይዞ፣ በሹካ ጀርባና በሽቦ ጫፍ ቀለሙን ከመስታወቱ ጋር እያስጠጋ ተራራ፣ ቤት፣ ወንዝ ይሠራል፤ መካከሉ በተራ አሸዋ ይሞላል። የሚከብደው መጠቅጠቁ ነው። ልጅ ችኩል ስለሆነ በግማሽ ተሞልቶ ክዳኑን መግጠም ይፈልጋል፤ በመኪና እስከ ቤቱ ሲሄድ ግን ተራራው ወንዝ ሆኖ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚጠቀጥቀው ሳይነገረው ነው። ያቺ እናት የልጇን ማሰሮ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ጥያቄዋን ግን እንዳላነሣች አልቆጥረውም፣ አሁንም በየተርሙ መጀመሪያ ለሁሉም ወላጅ ቀድሜ የምመልሰው እሱን ነው። ኮላውን አልከለክልም፤ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ የፈለገ ይወስደዋል። በእጁ መሥመር መልቀቅ የለመደ ልጅ ኮላ ሲሰጠው በጣም በስሱ ነው የሚቀባው።

ለመጪው ተርም ልጆቹ አሸዋውን ልቀሙልን ሳይሆን ራሳችን እንልቀም ብለዋል። ከብሔራዊ ፓርክ ድንጋይና አፈር ማውጣት ክልክል ስለሆነ ሰፈራችን ውስጥ ቀይ መሬት ያለው አንድ አባት ጓሮውን ፈቅዶልናል። ቅላቱ ከብረት ነው፤ ክሌመንስ ይለቅመው የነበረውን ያቀላው ይኸው ብረት ነው። ቤት ወስጄ ስሞክረው ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ፦ ለአቧራው ብዬ ሳጥበው ቀለሙ አብሮ ይሄዳል፤ ቅላቱ ያለው በአሸዋው ሳይሆን ከሱ ጋር ባለው ደቃቅ ጭቃ ውስጥ ነውና። እስካሁን ያገኘሁት መላ ጭቃውን እርጥብ እንዳለ ለይቶ ማስቀረትና የታጠበውን ነጭ አሸዋ በእሱ አሽቶ ማድረቅ ነው፤ ሲደርቅ ጥሩ የሸክላ ቀለም ይሰጣል። ጥቂት ኮላ ጠብ ካላደረጉበት ግን ይራገፋል።